የልጆች ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ቁርኣን ቤት ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከልጆቹ መካከል ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ የተመለጠ፣ ራሱ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት የሚታይበት ልጅ አይጠፋም። ኮፊያው ወይም ሂጃቡ ይሸፍነዋል፤ ቤተሰቡም «ሲያድግ ይለቀዋል» ብሎ ይተወዋል። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሽታው ከጉርምስና በኋላ ይቀንሳል። እስከዚያ ግን ልጁ ለታናናሾቹና ለጓደኞቹ ያጋባል፤ አንዳንዱም ዳግም ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ይዞ ይቀራል።

በሽታው ምንድን ነው?

ፀጉር፣ ጥፍርና የላይኛው የቆዳ ሽፋን ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ይህን ፕሮቲን የሚመገቡ ፈንገሶች ራስ ላይ ሲወጡ ቆረቆር፣ ገላ ላይ ሲወጡ ጭርት እንላቸዋለን። በአገራችን ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ሲሆን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። መንገዱም የታወቀ ነው፤ በጋራ የሚጠቀሙበት ማበጠሪያ፣ መላጫ፣ ፎጣ፣ ትራስ፣ ኮፊያና ሻሽ። ንጹሕ ልጅም ይይዘዋል። ስለዚህ የእናትየው ስንፍና ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ቅባት ለምን አይበቃም?

ገላ ላይ ያለ ትንሽ ጭርት እንደ ክሎትሪማዞል ባለ የፈንገስ ቅባት ይድናል። ቅባቱን ከቁስሉ ዳር ትንሽ አሳልፎ መቀባት፣ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል። ራስ ላይ ሲሆን ግን ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት የግድ ነው።

በብዛት የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ነው። መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል፤ የሚወሰደውም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ሕክምናው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲተው ወላጅ ኪኒኑን ያቋርጣል፣ በሽታውም ይመለሳል። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡርና የጉበት ሕመም ላለበት ሰው ስለማይሆን፣ ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው ማካፈል አይገባም።

የልጁ ራስ አብጦ መግል ከያዘ ደግሞ እንደ እባጭ ቆጥሮ ማስበጣት ጉዳት አለው። ፈንገሱ ያስነሳው ብግነት ሊሆን ይችላልና በፍጥነት ሐኪም ይየው። ነጭ ሽንኩርት መቀባት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። እንደ ቤታሜታዞን ያሉ ቅባቶች ማሳከኩን ያስታግሱና ፈንገሱ ተደብቆ እንዲስፋፋ ያደርጋሉ። መላጨትም በራሱ መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ምላጭ ለሦስት ወንድማማቾች ከዋለ በሽታው ለሦስቱም ይዳረሳል።

እግርና ጥፍር

በእግር ጣቶች መካከል ነጭ ሆኖ የሚላጥና የሚያሳክክ ቆዳ ብዙ ሰጋጆችን ያስቸግራል። ፈንገስ እርጥበት ይወዳል። በውዱእ ጊዜ ውኃ በጣቶች መካከል እንዲደርስ ማድረግ ሱና ነው፤ ከዚያ በኋላ በግል ፎጣ ማድረቅ ደግሞ አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የተፈቀደ ነው። እግር ሳይደርቅ ካልሲ አይለበስ፤ ካልሲውም በየቀኑ ይቀየር።

ጥፍር ሲወፍር፣ ቢጫ ሲሆንና ሲፈረፈር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሒና የቀለሙን ለውጥ ሊሸፍነው ስለሚችል እህቶች ከመቀባታቸው በፊት ጥፍራቸውን ይመልከቱ። የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ ስላልሆነ ለወራት ኪኒን ከመጀመር በፊት መመርመር ይሻላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥፍር ሳይቆረጥ ከ40 ቀን እንዳያልፍ ገደብ አድርገዋል፤ መቁረጫውንም ለየብቻ ማድረግ ነው።

ኡስታዞችና ወላጆች ምን እናድርግ?

አንድ ልጅ ላይ ቆረቆር ከታየ የቤቱ ልጆች ሁሉ ራሳቸው ይታይ፤ የተገኘባቸውም አብረው ይታከሙ። ማበጠሪያና ኮፊያ ለየራስ ይሁን፤ ያገለገለውም በደንብ ይታጠብ። የፀጉር አስተካካዩን ማሽን አጽድቶ እንደሚጠቀም ጠይቁ። ልጁ ኪኒኑን ከጀመረ በኋላ ከቁርኣን ቤት የሚቀርበት ምክንያት የለም። ከጓደኞቹ ፊት ኮፊያውን ማስወለቅ፣ በበሽታው ስም መጥራት ወይም ለብቻው ማስቀመጥ ግን ልጁ ቁርኣን ቤትን እንዲጠላ ያደርገዋል። ኡስታዙ ወላጁን ለብቻው ጠርቶ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይምራው።

መታከም ተወኩልን አይቃረንም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። ወላሁ አዕለም።