ከጊንጪ ሲታይ የነጻነት ጥያቄ

የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ሲመሠረት ግቡ ነጻ ኦሮሚያ ነበር። ከዚያ በፊት ሰላማዊው መንገድ ተሞክሯል። በ1955 የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ለልማት ገንዘብ ያሰባስብ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት ግን በ1959 ዘጋው። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ ጄኔራል ታደሰ ብሩ ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠ፤ በደርግ ዘመን ሸፍተው ተያዙና በመጋቢት 1967 ተረሸኑ።

የትጥቅ ትግል ለነጻነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቁጥሩ ያነሰ ሕዝብ ነው። ኦሮሞ ግን በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሩ ሕዝብ ከሲሶ በላይ ነው። ኤርትራ በ1953 ጦርነት ጀምራ በ1985 በሕዝበ ውሳኔ ስትወጣ ቅኝ ገዥዎች ያሰመሩት ድንበርና ባሕር ነበራት። ኦሮሚያ ግን መሐሏ ላይ አዲስ አበባ አለች። የደንዲ ወረዳዋ ጊንጪ ከዋና ከተማዋ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ለዚህ ይመስለኛል በጊንጪና በአምቦ መስመር የሚነሳው ቁጣ ከአዲስ አበባ ከመሸሽ ይልቅ ወደ እሷ የሚያቀናው።

በ2006 አምቦ የተነሳችው አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያቀናጀውን ማስተር ፕላን ተቃውማ ነው፤ የገበሬው መሬት ይወሰዳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በኅዳር 2008 ጊንጪ ላይ ተማሪዎች የወጡት ደግሞ በትምህርት ቤት ሜዳና በጭሊሞ ደን ምክንያት ነው። ተቃውሞው በሳምንታት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ማስተር ፕላኑም በጥር ተሰረዘ። ተማሪዎቹ ጠመንጃ አልያዙም፤ መገንጠልንም አልጠየቁም።

መገንጠል በሕግ አልተከለከለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ሂደቱን ዘርዝሯል፦ የብሔሩ፣ የብሔረሰቡ ወይም የሕዝቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ፌዴራሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረትም ይከፋፈላል። በዚህ በር የወጣ ክልል እስካሁን የለም።

ኦነግ ራሱም አንድ መንገድ ብቻ አልያዘም። በ1983 ሽግግር መንግሥቱ ውስጥ ገባ፣ በሰኔ 1984 በምርጫ ዋዜማ ከመንግሥቱ ወጣና ወደ ጫካ ተመለሰ፣ በ2010 ደግሞ ከመንግሥት ጋር አስመራ ላይ ተስማምቶ በ2011 መባቻ ከኤርትራ ገባ። ታጣቂው ክንፍ ግን ተለይቶ ቀረ፤ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ይላል፣ መንግሥት ደግሞ ሸኔ ይለዋል። ፓርላማው በ2013 በአሸባሪነት ፈረጀው። ታንዛኒያ ውስጥ በሚያዝያ 2015ና በኅዳር 2016 ሁለቱ ወገኖች ቢነጋገሩም ሳይስማሙ ተለያዩ። በኅዳር 2017 የኦሮሚያ ክልል በሰኚ ነጋሳ ከሚመራው ቡድን ጋር ስምምነት ፈረመ፤ በጃል መሮ የሚመራው ዋናው ኃይል ግን በስምምነቱ የለበትም።