የካሶኒ ወለል ውሃ ሲጠጣ ዋጋው ከየት ይቆረጣል?

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ትንሽ ዞር ብለን ዋጋው ሳይታወቅ ስለሚሸራረፍበት ቦታ እናውራ፤ ስለ መኪናው ወለል።

የጅግጅጋን መስመር የሚሠራ ሰው የኢሱዙን ኑሮ ያውቀዋል። አንድ ቀን በግና ፍየል ይዞ ወደ ቶጎ ጫሌ ይወርዳል፣ ሲመለስ በበርበራ የገባ ሩዝና ፓስታ ይጭናል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሐረማያ ድንችና ሽንኩርት። ሁሉም የሚያርፈው እዚያው ካሶኒ ላይ ነው። ወለሉ በኮምፔርሳቶ (አንዳንዱ ፕላይውድ ይለዋል) ከተሸፈነ የከብቱ ሽንትም የዝናቡም ውሃ በጠርዙ ይገባል። ከላይ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ወደ ታችኛው ረድፍ ጆንያ ይወጣል።

ገዢ አንድ የሻገተ ጆንያ ካገኘ በእሱ ብቻ አይከራከርም፣ ሙሉ ጭነቱን ነው የሚያወርደው። ለምሳሌ 60 ኩንታል ጭነህ ከሥር ያለው 12 ኩንታል ቢሆንና በኩንታል 100 ብር ቢቀነስብህ፣ የተበላሸው የ1,200 ብር ነው፣ የከፈልከው ግን 6,000 ብር።

ይህን ጣጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት ትንንሽ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የጀልባ ወለል የሚበሰብሰው ከፊቱ ሳይሆን ከተቆረጠው ጠርዝና ከብሎን ቀዳዳው ነው። ኮምፔርሳቶ ስስ ንጣፎች በኮላ ተደራርበው የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ላይ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ክፍት ስለሆኑ ውሃን እንደ ፋኖስ ክር ይስባሉ። ስለዚህ ፊቱን ሁለት ጊዜ ከቀባችሁ ጠርዙን ሦስትና አራት ጊዜ ቅቡት። የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ብሎ ወደ ውስጥ ይስረግ። ቀዳዳውን ከብስታችሁ ውስጡን ሳትቀቡ ብሎን አታስገቡ። የማይታየውን የታችኛውን ፊትም አትርሱ፤ ጎማ የሚረጨው ውሃ የሚያገኘው እሱን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን እንጨቱ ይድረቅ። እርጥቡን አሽጎ መቀባት ካለመቀባት ይብሳል፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ቀለሙን ያስነሳዋል፣ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል። ለዚህ የጅላል ወራት፣ የጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ ከሁሉም ይመቻል። ኢፖክሲ የሚጠቀም ካለ በላዩ ቀለም ይደርብበት፤ ኢፖክሲ ብቻውን ፀሐይ አይችልም፣ ጅግጅጋ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። የጀልባ ሰዎች እግር እንዳያንሸራትት ቀለሙ ላይ አሸዋ ይነሰንሳሉ፤ ይሄንን እንኳ ለካሶኒ አትቅዱ፣ ጆንያ ይቀዳል።

ስትገዙም ማኅተም ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ቢ ኤስ 1088 የሚባለው የባሕር ኮምፔርሳቶ ደረጃ አለ፤ ጽሑፉን ግን ማንም ሊያትመው ይችላል። ቁራጭ ቆርጣችሁ አንድ ሰዓት አፍሉት። ንጣፎቹ ከተላቀቁ ኮላው የቤት ውስጥ ዕቃ ኮላ ነው፣ ለመኪና አይሆንም።

ኤክስፖርተሮች "እኛ በኮንቴይነር ነው የምንልከው" ትሉ ይሆናል። የኮንቴይነሩ ወለልም በአብዛኛው 28 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ነው! ወለሉ ረጥቦ ከታሸገ፣ በጅቡቲ ወይም በበርበራ ሙቀት እርጥበቱ ወደ አየሩ ይወጣል፤ መርከቡ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት የኤክስፖርት ቡና እርጥበት ከ8 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ድሬዳዋ ላይ በ11 ተለክቶ የወጣ የሐረር ቡና መድረሻው ላይ ሌላ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን መፍትሔው ቀለም አይደለም። ቡና ሽታ ይስባል፤ ትኩስ ቀለም የተቀባ ኮንቴይነር ከእርጥቡ ያልተናነሰ ጥፋት ያመጣል። ለካሶኒም ቢሆን ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ እህልም ቡናም አይጫን፤ እስከዚያ ብረት ወይም ብሎኬት ይመላለስበት።

ባዶ ኮንቴይነር ስትረከቡ አንድ ሰው ውስጥ ይግባና ሌላው ከውጭ በሩን ለጥቂት ደቂቃ ይዝጋበት። ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ያሽትት፣ የማዕዘኖቹንም ጠርዝ በእጁ ይዳስስ። የሽንት፣ የዓሣ ወይም የኬሚካል ሽታ ካለ፣ ወይም ጠርዙ ካበጠ፣ ሳትፈርሙ መልሱት።