ምዕራፍ አምስት፦ የትምህርት ቤቶች ዓመታዊ ደረጃና የተማሪዎች የውጤት ልዩነት

በዩናይትድ ስቴትስ በቴክሳስ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን እንደሚመዝኑ ሁሉ ራሳቸውም ይመዘናሉ፤ የግዛቲቱ የትምህርት ኤጀንሲ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የዓመት አፈጻጸም ከመቶ ካሰላ በኋላ 90ና ከዚያ በላይ ላገኘው «ኤ»፣ ከ60 በታች ለቀረው «ኤፍ» ይሰጣል፤ በመካከል ያሉትም በየ10 ነጥቡ «ቢ»፣ «ሲ» እና «ዲ» ይባላሉ። ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያየው ይህን ፊደል ነው፤ ሆኖም ደካማው ተማሪ በዚያ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተያዘ ለማወቅ ፊደሉ የተገኘበትን ስሌት መመልከት ያስፈልጋል።

የውጤት ልዩነት የሚባለው በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች በቤተሰብ ገቢ፣ በዘር፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ወይም በአካል ጉዳት ተለይተው ሲታዩ በፈተና ውጤታቸው መካከል የሚገኘው ርቀት ነው። አማካይ ውጤት ይህን ርቀት ይሸፍነዋል፤ የባለጸጋው ልጆች ባመጡት ነጥብ ምክንያት የድኻው ልጅ ማንበብ አለመቻሉ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ቴክሳስ ውጤትን በቡድን ለይታ ትምህርት ቤቶችን መመዘን የጀመረችው በ1990ዎቹ ሲሆን (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ የግዛቲቱ አገረ ገዥ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በጥር 2002 የፈረሙት «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተባለው ሕግ አሠራሩን በመላ አገሪቱ ግዴታ አደረገው። ሕጉ እስከ 2014 ድረስ ተማሪዎች ሁሉ በንባብና በሒሳብ ብቁ እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር፤ ይህ ከጅምሩ ሊደረስበት የማይችል ግብ ነበርና በ2015 ሕጉ በሌላ ተተካ። የየቡድኑን ውጤት ለይቶ የመግለጽ ግዴታ ግን በአዲሱም ሕግ ጸንቷል፤ ከአሮጌው ሕግ የተረፈ ትልቅ ቁም ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

የቴክሳስ ስሌት ሦስት መለኪያዎች አሉት። የመጀመሪያው «ስታር» በተባለው የግዛቲቱ ፈተና ተማሪዎች ያመጡትን ውጤት ይመለከታል፤ ሁለተኛው ልጁ ካምና ከነበረበት ምን ያህል እንደተሻሻለ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ በድህነት መጠን ከሚመስሉት ጋር ሲነጻጸር የት እንደቆመ ያያል፤ ሦስተኛው ልዩነትን የማጥበብ መለኪያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የተሻለው ብቻ ተወስዶ 70 በመቶ ሲይዝ፣ ሦስተኛው 30 በመቶ ይይዛል። ለምሳሌ አንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት በውጤት 74፣ በእድገት 88፣ ልዩነትን በማጥበብ 62 ቢያገኝ፣ 74ቱ ከስሌቱ ይወጣል፤ ከ88ቱ 61.6፣ ከ62ቱ ደግሞ 18.6 ይገኛል፤ ድምሩ 80.2 ስለሚሆን ትምህርት ቤቱ «ቢ» ተብሎ ይመዘገባል። በሦስተኛው መለኪያ ብቻ ቢታይ ኖሮ «ዲ» ይሆን ነበር። እድገትን ከፍ አድርጎ መመዘን በድኻ ሰፈር የሚደክሙ መምህራንን ከፍርደ ገምድልነት የሚያድን ትክክለኛ አሠራር ቢሆንም፣ ጥሩ የተባለ ፊደል ልዩነቱን መልሶ ሊሸፍን መቻሉ ሊዘነጋ አይገባም።

ደረጃው የኃላፊዎችን ሹመትና የትምህርት ቤቶችን ህልውና የሚወስን በሆነ መጠን ቁጥሩን ልጆቹን ሳያስተምሩ የማሳመር ፈተናም ይከተላል። በኤል ፓሶ ከተማ የደረሰው ከሁሉ ይከፋል፤ በዚያ በ2002ቱ ሕግ የታዘዘው የፌዴራል ምዘና የሚያርፈው በ10ኛ ክፍል ፈተና ላይ ስለነበር፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣሉ የተባሉ ተማሪዎች፣ በተለይም ከሜክሲኮ የመጡና እንግሊዝኛ በመማር ላይ የነበሩ፣ በ9ኛ ክፍል እንዲቀሩ ወይም 10ኛን ዘለው ወደ 11ኛ እንዲያልፉ ተደረገ፤ ከነጭራሹ ትምህርት ቤቱን እንዲለቁ የተገፉም ነበሩ። የትምህርት ቀጠናው የበላይ ኃላፊ በ2012 የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። ልዩነትን እንዲያጠብ የታሰበው ሕግ እነዚያን ልጆች ከመዝገቡ የማውጫ ሰበብ ሆነ፤ ከትምህርታቸው የተፈናቀሉት ልጆች ያጡት ዕድሜ ግን በፍርድ የሚመለስ አልነበረም።

ጉዳዩ በዳላስና በሂዩስተን ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም ሩቅ አይደለም፤ በቤቱ አማርኛ እየተናገረ አድጎ እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ ከ2023 ወዲህ ከድኻ ቤተሰብ ልጆችና ልዩ ድጋፍ ከሚሹ ተማሪዎች ጋር ልዩ ትኩረት በሚሰጠው አንድ ጥቅል ቡድን ውስጥ ይቆጠራልና፣ የትምህርት ቤቱ ነጥብ የእርሱን ይዞታ ለብቻው አያሳይም። ደረጃውም ሁልጊዜ በጊዜው አይደርስም፤ የትምህርት ቀጠናዎች በመሠረቱት ክስ ታግዶ የቆየው የ2023 ደረጃ ይፋ የሆነው በሚያዝያ 2025 ሲሆን፣ ምዘናው ሲካሄድ 5ኛ ክፍል የነበረ ልጅ በዚያን ጊዜ 7ኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ስለዚህ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ፊደል ሳይጠብቅ የልጁን የፈተና ዘገባ በየዓመቱ ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ፤ ልጁ ካምና ምን ያህል እንደተሻሻለና እንግሊዝኛን በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች ለብቻቸው ሲታዩ በዚያ ትምህርት ቤት የት እንዳሉ ይጠይቅ፤ መልሱንም በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጡት ያሳስብ።