ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሚዛኑ ለምን ይቆማል?

ክብደት ለመቀነስ ሲል የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በደስታ ያሳልፋል። ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ክብደቱ ቀንሶ ያገኘዋል። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚበላው በቀን ጥቂት ማንኪያ ሾርባና እርጎ ሆኖ ሳለ ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ይላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ “ያ ሁሉ ወጪና ስቃይ ለከንቱ ነበር እንዴ?” ብለው ይደናገጣሉ። ከቆመው ሚዛን ይልቅ የሚጎዳቸው ደግሞ በድንጋጤ የሚወስዱት እርምጃ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ጥቂት እንበል። በስፋት ከሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች አንደኛው “ስሊቭ” የሚባለው ሲሆን፣ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ የመሰለ ጨጓራ ይቀራል። ሁለተኛው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1966 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት “ጋስትሪክ ባይፓስ” ነው። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው አናት ላይ ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይያያዛል።

ሚዛኑ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይቆማል፤ ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የውኃ ጉዳይ ነው። ሰውነታችን ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል። አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀንስ ቀድሞ የሚነካው ይኸው ስንቅ ስለሆነ ውኃውም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት አስደሳች ቁጥር ብዙው ይኼ ነው። ቆየት ብሎ ሰውነት ውኃ መልሶ ይይዛል። ስቡ መቅለጡን ባያቆምም፣ የተያዘው ውኃ ሚዛኑ ላይ ይሸፍነዋል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። መፍትሔው መታገስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የሚመጣው ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሁለት ሺሕ ያህል ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች በዚህ ጊዜ ውስጥ በአማካይ 32 በመቶ ክብደታቸውን ቀንሰዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ 25 በመቶ ላይ ረግቷል። በሌላ አነጋገር 120 ኪሎ የነበረ ሰው ወደ 82 ኪሎ ወርዶ፣ ኋላ 90 ላይ ተረጋግቷል ማለት ነው። ይኼ ውድቀት አይደለም። ይኸው ጥናት ቀዶ ሕክምናውን ካላደረጉት ይልቅ ባደረጉት ላይ የሚደርሰው ሞት ያነሰ መሆኑንም አሳይቷል።

የሚረጋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያነሰ ሰውነት ያነሰ ካሎሪ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ሰውነት ረሃብ የገባ ስለሚመስለው ቆጣቢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባሉ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወራት ገደማ በግማሽ ረሃብ አቆይተው ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ሲቀንስ፣ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበት ከዚያም በላይ ቀንሶ ተገኝቷል።

ስለዚህ ሚዛኑ ቆመ ብሎ ምግብ ይበልጥ መቀነስ ጡንቻን ማስበላት ነው። የሚሻለው ማዕዱን መመርመር ነው። ለአብዛኛው ታካሚ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ሲሆን፣ ከሌላው ምግብ ቀድሞ ይበላል። በጾም ወቅት ይኼ ቀላል አይደለም፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፣ የታካሚው ጨጓራ ግን ግማሽ ኩባያ ላይ “በቃኝ” ሊል ይችላል። ከምግብ ባለሙያም ከንስሐ አባትም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ጠባቧን ጨጓራ ሳይሞሉ የሚያልፉት ነገሮች ናቸው ዋነኞቹ አታላዮች፦ የማንጎ ጭማቂ፣ ስኳር የበዛበት ማኪያቶ፣ ለስላሳ፣ ጠጅ፣ ብስኩት። ቢራና አረቄ ከባይፓስ በኋላ ቶሎ ወደ ደም ስለሚገቡ ጉዳታቸው በካሎሪ ብቻ አይወሰንም። ምግብ ላይ መጠጣትም አይመከርም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል። ጉርሻስ? “በሞቴ” የሚል ዘመድ ባለበት ቤት ይኼን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ግን 30 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ከረጢት አንድ ደህና ጉርሻ ምሳ ነው።

ክብደቱ መቆም ብቻ ሳይሆን መጨመር ከጀመረ ወደ ሐኪም መመለስ ተገቢ ነው። የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ እንደ ኢንሱሊንና ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶች ወይም የጨጓራው መስፋት ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎችም ዛሬ በሐኪም ትዕዛዝ ይሰጣሉ።

በኢንተርኔት የሚናፈሰው “ጨጓራን እንደ አዲስ ማስጀመር” የሚባለው በፈሳሽ ብቻ የመኖር ምክር ግን ጨጓራን እንደሚያጠብ ማስረጃ የለውም። ቫይታሚናቸውን ትተው ምግብ የሚቀንሱ፣ በተለይም የሚያስመልሳቸው ሰዎች ታያሚን (ቫይታሚን ቢ 1) በሳምንታት ውስጥ ሊያልቅባቸው ይችላል። ለሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ ካልታከመ አእምሮን እስከ መጨረሻው ይጎዳል። ቀዶ ሕክምናውን ውጭ አገር አድርገው አዲስ አበባ ውስጥ ማስመለስ ቢበረታብዎና ወደ ክሊኒክ ቢሄዱ፣ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ ይናገሩ። ታያሚን ሳይሰጥ የሚገባ ስኳር ሁኔታውን ያባብሰዋል።