አንድ አየር፣ ሁለት ባለሥልጣን

የሞባይል ስልክ የመስማት አቅም ለማመን ያስቸግራል። ማማ ላይ የተሰቀለ አንቴና 20 ወይም 40 ዋት ያህል ኃይል ይለቃል፤ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ከዚያ ሁሉ የአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢደርሰው እንኳ መልእክቱን ለይቶ ማንበብ ይችላል። ሬዲዮ ሩቅ የሚደርሰው በዚህ የተነሣ ነው፤ ጎረቤት የሚረብሸውም በዚሁ የተነሣ ነው። እንቅፋት በሌለበት ሜዳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል እንጂ ዜሮ የሚሆንበት መስመር የለም። ካርታ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ሞያሌን ለሁለት ይቆርጣታል፤ ደቡቡ የኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ነው፣ ሰሜኑ ኢትዮጵያ ሆኖ እሱም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የተከፈለ ነው። ለሰውና ለዕቃ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መሪዎች ተገኝተው አንድ የጋራ የድንበር መፈተሻ መርቀዋል። ሞገድ ግን ፈታሽ የለውም።

ተራው የከተማው ነዋሪ ይህን የሚያውቀው በስልኩ ነው። እያንዳንዱ ማማ የአገሩን መለያ ቁጥር ያለማቋረጥ ያውጃል፤ ኢትዮጵያ 636፣ ኬንያ 639። ስልኩ የሲም ካርዱን ቁጥር የሚመስል ማማ ይፈልጋል፤ የራሱ ሲደክምበት ወደ ጎረቤት ኔትወርክ ይዞራል፣ ሮሚንግ የሚባለውም እዚያ ይጀምራል። ሳፋሪኮም የሚለው የኬንያ የሞባይል ኩባንያ ስም በሁለቱም ወገን መታየቱ ነገሩን አያቀለውም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ሥራ የጀመረ፣ ከኬንያው የተለየ ኩባንያ ነው፤ ፈቃዱም ተቆጣጣሪውም የተለየ ነው። ይህ ሁሉ ግን ሁለቱ ማማዎች በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ሲሠሩ የሚታየው ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ የሚመጣው ሁለቱም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲናገሩ ነው፤ ያኔ የአንዱ ንግግር ለሌላው ጫጫታ ይሆናል። ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ መፍትሔው ስፔክትረሙን፣ ማለትም የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን፣ እንደ መሬት አጥሮ ማከፋፈል ነው ብሎ ያስባል። አጥር አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሬዲዮኖች በአንድ አየር ውስጥ ተቻችለው መኖር የቻሉት በአብዛኛው በአጥር ሳይሆን በጠባይ ነው፤ ማን መቼ ይናገራል፣ ምን ያህል ይጮኻል፣ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል ወይ። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ርካሹ ዕቃ ይበቃል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ክልል 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስፋት አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአትላንቲክ ሲቲ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህን ቦታ ለማሞቂያና ለመሳሰሉት የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የተወው ነበር፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ ዛሬም እዚያው ይሠራል። ለመገናኛ የማይመች ተብሎ የተጣለው ይህ ክልል አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈቃድ ለማይጠይቁ መገናኛዎች ከከፈተችው በኋላ ዋይፋይና ብሉቱዝ ሰፈሩበት። በሞያሌ ሆቴልና ሱቅ ውስጥ ያለው ራውተር፣ የሹፌሩ ጆሮ ላይ ያለው ብሉቱዝና የካፌው ድምፅ ማጉያ ሁሉም እዚህ ይጨናነቃሉ፤ ራውተሩ የትኛው አገር እንዳለም አያውቅም። ሁለቱ ቴክኖሎጂዎች የተከተሉት ዘዴ ይለያያል። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ አየሩ ከተያዘ በዕጣ የሚወጣ አጭር ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ብሉቱዝ ደግሞ በ79 ጠባብ መስመሮች ላይ በሴኮንድ 1600 ጊዜ ይዘላል፤ ስለዚህ አንዱ መስመር ቢጨናነቅ የሚጠፋው ቅንጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ስሪት ከዚህም ራቀ፤ ዋይፋይ የያዛቸውን መስመሮች መዝግቦ ዘሎ ያልፋቸዋል። በቦረና ኤላ በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች መንጋ የሚጠጣው በተራ ነው፣ ተራውን የሚያስከብርም አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። እዚህ ግን አባ ሄሬጋ የለም፤ ተራ አክባሪነቱ በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ተጽፎ ከፋብሪካ ይወጣል።

«ታዲያ ዋይፋዩ ለምን ይንቀራፈፋል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፣ ተገቢም ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚቀመጡ የዋይፋይ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ማዳመጥም ወሰን አለው። ግድግዳ የጋረዳቸው ሁለት ዕቃዎች አንዱ ሌላውን ሳይሰማ መሐል ላይ ያለውን ራውተር እኩል ሊጮኹበት ይችላሉ። ከዚህ የከፋው ግን ከማያዳምጥ እንግዳ ጋር መኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ የሞባይል ኩባንያዎች 4ጂን ዋይፋይ በሚሠራበት በ5 ጊጋኸርዝ ለማሠራት ተነሡ። ከታሰቡት ስልቶች አንዱ ከመናገሩ በፊት ሳያዳምጥ በየተወሰነ ጊዜ እየበራና እየጠፋ አየሩን እንዲጋራ የተነደፈ ነበር። የዋይፋይ ወገን አጥብቆ ተቃወመ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቀው ዓለም አቀፍ የሞባይል ደረጃ ከመናገር በፊት ማዳመጥን ግዴታ አደረገ። የዋይፋይ መንቀራፈፍ ሥርዓቱ እንዳልሠራ አያረጋግጥም፤ ቦታው ጠቦ ሳለ ሥርዓቱ ይህን ያህል ሰው ማስተናገዱ ነው የሚያስደንቀው።

ወደ ማማው ስንመለስ ሁኔታው ይለወጣል። ሞባይል ፈቃድ ያለው ክልል ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ በኬንያ በኩል የኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለኩባንያዎች ፍሪኩዌንሲ ይሰጣሉ። ሁለቱ አገሮች ግን በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል በአንድ ቀጣና ውስጥ ስለሆኑ፣ ስልኮቹም ለዓለም ገበያ ስለሚሠሩ፣ የሚያከፋፍሉት ከሞላ ጎደል ያንኑ ክልል ነው። በ2ጂ ዘመን የድንበር መሐንዲሶች መላ ቀላል ነበር፤ ጠባብ ቻናሎቹን ተከፋፍለው እኔ በእነዚህ ጮክ ልበል፣ አንተ በእነዚያ መባባል ነው። 4ጂ ይህን አፈረሰው። በሰፊ ቻናል የሚሠራ፣ አንዱን ፍሪኩዌንሲ በሁሉም ማማ የሚደግም ቴክኖሎጂ ስለሆነ ክልሉን ከፍሎ መስጠት ፍጥነቱን ከፍሎ መጣል ነው። ስለዚህ ጎረቤት አገሮች የሚከፋፈሉት የማማ መለያ ኮዶችን ነው፤ በ4ጂ 504፣ በ5ጂ 1008 ኮዶች አሉ። ኮዱ ስልኩ አንዱን ማማ ከሌላው እንዲለይ ይረዳዋል፤ ጫጫታውን ግን አይቀንስለትም።

ክርክሬ የሚከብደው እዚህ ነው። በድሮው አሠራር ወደ ስልክ የሚሄደውና ከስልክ የሚመጣው በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ነበር፤ አሁን በ2.6 እና በ3.5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ኔትወርኮች ግን በአንዱ ፍሪኩዌንሲ እየተቀያየሩ ይናገራሉ፣ ያዳምጣሉ። የኬንያው ማማ በሚናገርበት ቅጽበት የኢትዮጵያው የሚያዳምጥ ከሆነ ምን ይሆናል? የሚያዳምጠው ማማ የሚፈልገው በተለምዶ ከ0.2 ዋት ያልበለጠ ከሚለቅ፣ ቤት ውስጥ ካለ ስልክ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ነው። የሚሰማው ግን ከፍ ብሎ በቀጥታ ከሚያየው ማማ የሚጎርፈውን በአሥር ዋቶች የሚቆጠር ጩኸት ነው። እንዲህ ያለ ግጭት ማማውን እያለ እንደሌለ ያደርገዋል። መፍትሔው ሰዓት ነው። የማማዎቹ ሰዓቶች በሚሊዮንኛ ሴኮንዶች ልዩነት ውስጥ እንዲገጥሙ ያስፈልጋል፤ ሞገድ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝ እንደ ሞያሌ ባለች አንድ ከተማ ውስጥ ያለው ርቀት ራሱ በሒሳብ ይገባል። ሰዓቱ ቢገጥም እንኳ የመናገሪያውና የማዳመጫው ድርሻ አንድ ካልሆነ ጥቅም የለውም።

ማማዎቹን ከድንበር አርቆ ኃይላቸውን መቀነስ አይቀልም ወይ? ገጠር ላይ ቢሆን አዎ። ሞያሌ ግን ሕዝቧ የተከማቸው ልክ መስመሩ ላይ ነው። ኃይል መቀነስ ማለት ጸጥታ ለማምጣት ብሎ ከተማዋን ኔትወርክ አልባ ማድረግ ነው። አንቴናን ወደ ታች ማዘንበል የተሻለ ነው፤ ጉልበቱን ለቅርብ ሰው ሰጥቶ ከሩቅ ይሰስታል፣ ቅርቡ ራሱ ሌላ አገር ሲሆን ግን ብቻውን አይበቃም። ሌላው ተቃውሞ ሉዓላዊነት ነው፤ የእኔን ማማ ሰዓት ጎረቤት ለምን ይወስናል? የሚወስን የለም። ሁለቱም ከሳተላይት የሚወርደውን ያንኑ ሰዓት ይወስዳሉ፣ ሳተላይቱ ደግሞ ለሁለቱም በነፃ ይናገራል።

ቴሌቪዥንም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው፣ በአጭሩ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት አፍሪካን ጨምሮ የዲጂታል ቴሌቪዥን ቻናሎችን በአገር በአገር ደለደለ፤ ጥበቃ የሚደረግለት የአናሎግ ስርጭት ማብቂያም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015 ሆነ። ኬንያ በዚያው ዓመት አናሎግን አጠፋች። በዲጂታል የተረፈው የላይኛው ክፍል ለሞባይል ዋለ፤ ከታች ባዶ የቀሩትን ቻናሎች ለኢንተርኔት መጠቀም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ማይክሮሶፍት በናንዩኪ አካባቢ ማዊንጉ በተባለ ፕሮጀክት ሞክሮታል። አሠራሩ መሣሪያው መረጃ ቋት ጠይቆ «እዚህ ቦታ ይህ ቻናል ባዶ ነው» የሚል መልስ ካገኘ ብቻ የሚናገርበት ነው። ይህ ስልት ሞያሌ ላይ ቢተከል መረጃ ቋቱ የኬንያን ጣቢያዎች ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ባዶ ያለው ቻናል መንገዱን ሲሻገር ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ድንበር ላይ ሞገዶችን ለማስማማት የአፍሪካ አገሮች የድንበር ላይ ሞገድ ጥንካሬን በአንድ ቀመር እንዲያሰሉ የተዘጋጀ የጋራ ስልት አለ፤ አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት ቀመር ነው መነሻው። ቀመር ግን የሚለካው ጩኸቱን እንጂ ተራውን አይደለም። ሁለቱ ባለሥልጣኖች ለሞያሌ ብለው ሊጽፉት የሚገባው ሰነድ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም፤ በመስመሩ ላይ የተፈቀደው የጉልበት ልክ፣ የኮዶች ክፍፍል፣ የሰዓቱ ምንጭ፣ ቅሬታ ሲመጣ በቀጥታ የሚደዋወሉ መሐንዲሶች። አከራካሪው አንቀጽ አንድ ነው፤ የመናገሪያና የማዳመጫ ድርሻ። አንዱ ኩባንያ ደንበኞቹ ቪዲዮ የሚያወርዱ ስለሆኑ ሦስት አራተኛውን ጊዜ ለመላክ ይፈልጋል እንበል፤ ሌላው ከስልክ የሚላከው ይበዛብኛል ብሎ ግማሽ በግማሽ ቢል አንዳቸው ከሚመቻቸው ድርሻ መውረድ ይኖርባቸዋል፤ ማን እንደሚወርድ ደግሞ ቀመሩ አይናገርም።