የተመኙት ሥራ ሲመጣ ሒሳቡ በደመወዝ ብቻ አይዘጋም

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት ተፍ ተፍ ስል አንድ ኢ-ሜይል ደረሰኝ። ዶሐ ከተማ የሚገኝ አንድ ትልቅ ኩባንያ የውስጥ ኦዲት ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረኝ መወሰኑን የሚገልጽ ነው። ከደብዳቤው ጋር የውሉ ረቂቅ ተያይዟል። መልስ የምሰጥበት ጊዜ 10 ቀን ነው።

በባንክ ሒሳብ ሥራ ላይ 12 ዓመት ቆይቻለሁ። የኤሲሲኤ ፈተናዎችን ሌሊት ሌሊት እያጠናሁ የጨረስኩት አንድ ቀን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይመጣል ብዬ ነው። መጣ። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን ማታ ባለቤቴ ዘንድ ስደርስ «እንኳን ደስ አለህ» ካለችኝ በኋላ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። በዕድሜዬ ያሉ ብዙ ባለሙያዎች ዛሬም በዚህ ዝምታ ውስጥ ያልፋሉና በእነዚያ 10 ቀናት ያደረግሁትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ ማካፈል ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ ገንዘቡ

ገንዘብን መናቅ አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር ደመወዝ የምንኖር ሰዎች አንድም ስህተት ሳንሠራ ደመወዛችን በውጭ ምንዛሪ ሲለካ ወደ ግማሽ ወረደ። በዚያ ላይ ግብሩ አለ። ያኔ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 35 በመቶ የሥራ ግብር ይቆረጥ ነበር (በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ መነሻው ወደ 14,000 ብር ከፍ ብሏል)። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው 7 በመቶም አለ። ኳታር ግን በግለሰብ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አትጥልም።

የቀረበልኝ 18,000 ሪያል ነው። አንድ ዶላር በቋሚነት 3.64 ሪያል ስለሆነ ወደ 4,945 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ቁጥሩን ሳየው ራሴን አዞረኝ። ግን የሒሳብ ሰው ነኝና ዝርዝሩን ተመለከትኩ። ከ18,000 ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብቻ ነው፤ ቀሪው የቤትና የመጓጓዣ አበል ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በኳታር የሠራተኛ ሕግ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ዝቅተኛው መጠን በዓመት የሦስት ሳምንት ደመወዝ ሲሆን የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። ስለዚህ በዓመት የሚጠራቀምልኝ 7,000 ሪያል ነው እንጂ 12,600 አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ሁሉ መጀመሪያ «መሠረታዊው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ሁለት ሒሳብ ሠራሁ። አንደኛው ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ብሄድ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወዳጆቼ በነገሩኝ መሠረት ቤት ኪራይ 6,500፣ ትምህርት ቤት 2,500፣ ቀለብና ሌላው ወጪ 4,500 ሪያል አልኩ። ለእናቴና ለምትንከባከባት ሰው 1,000 ስልክ የሚተርፈኝ 3,500 ሪያል፣ ማለትም ወደ 960 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ባለቤቴ መምህርነቷን ትተዋለች። ሁለተኛው ብቻዬን ብሄድ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ቤት ተጋርቼ በ6,000 ሪያል ኖሬ፣ ወደ ቤት የምልከውን ሳልቀንስ 12,000 ሪያል ይተርፋል።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት «ታዲያ ሥራው ሕልም የሚሆነው እኛ ከሌለንበት ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ለአራት ቀን ያላየሁት ነገር ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው የሙያዬ ዋጋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ የመለያየታችን ዋጋ ነው።

ቀጥሎ እምነቱ

«ሥራው ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ሳንለያያቸው ስለምንጠይቅ እንቸገራለን።

የመጀመሪያው ሥራው ራሱ ከእምነቱ ጋር ይጋጫል ወይ የሚል ነው። አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት የብድር ክፍል ኃላፊ ሁን ሲባል በወለድ ምክንያት አልቀበልም ብሎ ዕድገቱን አሳልፏል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። በዚያ ጊዜ ግን ይህ በር አልነበረም። የቢራ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊነት የቀረበላት ፕሮቴስታንት ወዳጄም እንዲሁ አልሄደችም። እንዲህ ያለው ግጭት በደመወዝ ጭማሪ አይፈታም።

ሁለተኛው የጊዜ ጥያቄ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የሚጋጨው ሰዓቱ ነው። ቅዳሜን የሚያከብር አድቬንቲስት ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ጋር የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። የእኔም ጉዳይ ከዚህ ይመደባል። በኳታር የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ክርስቲያኖች የሚያመልኩት ከከተማው ወጣ ብሎ በተከለለ ሥፍራ ሲሆን ብዙው መርሐ ግብር የሚካሄደው ዓርብ ዓርብ ነው። ገና የሥራ ቀን ነው፤ ጥምቀት የሥራ ቀን ነው፤ ፋሲካም እሑድ ስለሚውል የሥራ ቀን ነው። እነዚህን ቀናት የምፈልግ ከሆነ ከዓመት ፈቃዴ ላይ መቁረጥ ይኖርብኛል። እንዲህ ያለው ግጭት ግን በስምምነት ሊቃለል ይችላል።

ሦስተኛው፣ በእምነት የሚያቆመን ሰው ወይስ ቦታ ነው? የሚል ነው። ጾሙን እዚያም መጾም እችላለሁ፤ ምስርና አትክልት የትም አለ። የማላገኘው የአባቴን ማኅበር ነው። አባቴ ሲያርፍ የሚካኤል ጽዋውን ለእኔ አውርሶኛል። በየወሩ በ12 ቀን እንሰበሰባለን፤ የማኅበሩ ሙሴ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «አትሂድ» ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እግዚአብሔር ዶሐም አለ። አንተ ግን ብቻህን ስትሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ታውቃለህ?» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ በነበርኩባቸው ዓመታት ምን እንደሆንኩ ስለማውቅ መልስ አልሰጠኋቸውም።

ከዚያ ቤተሰቡ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን የምወጋት እኔ ወይም ባለቤቴ ነን። ትልቁ ስህተቴ «እማዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብዬ መጠየቄ ነበር። «ሂድ ልጄ፣ እኔ ምን አለብኝ! ያንተን መልካም ነገር ማየት ነው የምፈልገው» አለችኝ። የኢትዮጵያ እናት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ይህ መልስ ምርቃት ነው እንጂ መረጃ አይደለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ጥያቄ አመጣሁ። «የሕክምና ቀጠሮሽ ሲደርስ ማን ይወስድሻል? ሌሊት ስኳርሽ ቢወርድ ማንን ትቀሰቅሻለሽ?» አልኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ፣ «እሷንማ አላሰብኳትም» አለችኝ። ወላጆቻችሁን ፈቃድ አትጠይቋቸው፤ ፈቃዳቸውን አይነፍጉም። ማክሰኞ ምን እንደሚሆን፣ ሌሊት ምን እንደሚሆን ጠይቋቸው።

የልጄን ጉዳይ በቁጥር አየሁት። የኳታር ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ላገለገለ ሠራተኛ የሚያዘው ዝቅተኛ የዓመት ፈቃድ ሦስት ሳምንት ነው፤ የእኔ ውል 30 ቀን ይሰጣል። ብቻዬን ሄጄ ሦስት ዓመት ብቆይ ልጄን የማያት 90 ቀን ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ካሉት ከ1,000 በላይ ቀናት 90 ብቻ!

ጓደኛና ጎረቤት

ይህን ብዙዎቻችን ከሒሳብ እናስወጣዋለን። እድር በወር የምንከፍላት ጥቂት ብር ትመስለናለች። ነገር ግን እድርን ገንዘቡን እየላኩ መኖር ቢቻልም ድንኳን መትከልና ለቅሶ መቀመጥ በሐዋላ አይላክም። አዲስ አበባና ዶሐ በአውሮፕላን የአራት ሰዓት ያህል ጉዞ ስለሆነ ክፉ ቢመጣ ለቀብር እደርስ ይሆናል። ሌሎች ሲቸገሩ ግን እኔ የለሁም። የሰው ወረፋ ላይ ሳይገኙ በራስ ወረፋ ሰውን መጠበቅ ከባድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ያለ ምንም ማመንታት «ሂድ! እዚህ ቀርተህ ስታማርር ልሰማህ አልፈልግም» አለኝ። ተቆጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ትክክል እንደሆነ ገባኝ። መቅረትም ዕዳ አለው፤ ቀርቶ ቤተሰቡን «ለእናንተ ስል ነው የቀረሁት» እያለ የሚያስከፍል ሰው ከሄደው የባሰ ይጎዳቸዋል።

ውሳኔው

በስምንተኛው ቀን ለኩባንያው ሁለት ነገር ጠየቅሁ። በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት ከአዲስ አበባ ሆኜ እንድሠራ፣ ካልሆነም ሥራውን ከስድስት ወር በኋላ እንድጀምር። በማግሥቱ በትሕትና መለሱልኝ። ከሩቅ መሥራት አይቻልም፤ መዘግየት የሚቻለው ቢበዛ አራት ሳምንት ነው። ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ውል ረቂቅ ሳለ ግን መጠየቅ ነውር አይደለም። እንቢታውም ቢሆን የቀረልንን ምርጫ ያጠራልናል።

በአሥረኛው ቀን «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን የምጽፈው ድል ላወራ አይደለም። በየሦስት ወሩ የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ስከፍል ያ 12,000 ሪያል ትዝ ይለኛል። መሥሪያ ቤቴን ጭማሪ ጠይቄ የተሰጠኝ አዲስ የሥራ መደብ ስም ነው። በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ተቀብሎ የሄደ ወዳጄ ደግሞ ወላጆቹን የሚጠብቁ ሦስት እህቶች አሉት፤ ልጅ የለውም፤ ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ይነግረኛል። በደስታ ነው የሚሠራው። እሱም አልተሳሳተም፤ ሚዛኑ ላይ ያስቀመጠው ነገር ከእኔ ይለያል።

ባለፈው ወር እናቴ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ቀሰቀሰችኝ። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲሻላት፣ «ያ የዓረብ አገር ሥራ ቀረ እንግዲህ?» አለችኝ።

«ቀረ እማዬ።»

«ይቆጭሃል?»

«አንዳንዴ» አልኳት።

«ይቆጭህ፤ እውነቱን ስለነገርከኝ ደስ አለኝ» ብላ ተኛች።