ሾላ የት ነው የሚያብበው?

ሾላ ሲያብብ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ፍሬው ከግንዱና ከወፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተንዠርግጎ ግን ሁላችንም አይተናል፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን በልተነዋልም። አበባው ሳይታይ ፍሬው ከየት መጣ? ነገሩን ሾላ በድፍን ላለማድረግ ዛሬ ሰንጥቄ ውስጡን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ዘመዶቹን እንወቅ። ሾላ፣ ባንባ፣ ዋርካ፣ ጭብሃ፣ ደርቆና ታሽጎ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው በለስ (ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም)፣ በየሆቴሉ መግቢያ የሚቀመጠው የጎማ ዛፍ፣ ሁሉም የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው። ሳይንሱ ወገኑን ፊከስ ይለዋል። ወደ 850 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ የሚገኙት በሞቃታማው የዓለም ክፍል ነው።

አንድ ዛፍ ከዚህ ወገን መሆኑን ለማወቅ ፍሬ እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅጠል ብትቀነጥቡ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ቅንጭብም ወተት ስላለው ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የቅርንጫፉን ጫፍም ተመልከቱ። ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል ሹል በሆነ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ ሲፈታ ሽፋኑ ይረግፍና ቅርንጫፉን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ጠባሳ ይቀራል። ወተቱና ጠባሳው አንድ ላይ ከተገኙ በአብዛኛው ፊከስ ነው። ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን ያልበሰለ የሾላ ፍሬ ወስዳችሁ ከላይ እስከ ታች በቢላ ለሁለት ክፈሉት። መሃሉ ባዶ ነው። የውስጠኛውን ግድግዳ በማጉያ መነጽር ብታዩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ነገሮች ተጠጋግተው ተሰድረው ታያላችሁ። እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው! የሱፍ አበባን ራስ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፋችሁ አፉን ብትሰበስቡት አበቦቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ይቀራሉ፤ የሾላ ፍሬም አሠራሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ፍሬ የምንለው መጀመሪያ የተዘጋ የአበባ ጉባኤ ነው። አናቱ ላይ በትናንሽ ቅርፊቶች የተደፈነች ቀዳዳ አለች። መግቢያው እሷ ብቻ ናት።

በዚያች ቀዳዳ ንብ አይገባም፣ ቢራቢሮም አይገባም። የምትገባው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ሴት ተርብ ናት። በእኛም አገር ያለውን ባንባ የምታራባው ተርብ በሳይንስ ስሟ ሴራቶሶለን አራቢከስ ትባላለች። አበቦቹ ሲደርሱ ፍሬው የሚለቀውን ሽታ ተከትላ ትመጣለች። ቅርፊቶቹን እየፈለቀቀች ስትገባ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ክንፏና የአንቴናዋ ጫፍ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ይቀራል። ተመልሳ አትወጣም። ከተወለደችበት ፍሬ ይዛ የመጣችውን የአበባ ብናኝ ደረቷ ላይ ካሉ ኪሶች በፊት እግሮቿ እያወጣች ሴቴ አበቦቹ ላይ ትነሰንሳለች፤ እግረ መንገዷን እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ እዚያው ትሞታለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሴቴ አበቦቹ አንገታቸው እኩል አይደለም። አንገታቸው አጭር በሆኑት የተርቧ የእንቁላል መጣያ እስከ ዘሩ ቤት ይደርሳል፤ እነዚያ የጫጩቶቿ ማደጊያ ይሆናሉ። ረጅም አንገት ያላቸው ላይ እንቁላል መጣል ይከብዳታል፤ በአብዛኛው ዘር የሚያፈሩት እነሱ ናቸው። ዛፉም ተርቧም በዚህ ይጠቀማሉ። ዛፉ ሁሉንም አበባ ቢከለክላት ብናኝ የሚያመጣለት ያጣል፤ ሁሉንም ቢፈቅድላት ደግሞ ዘር አይኖረውም።

ከሳምንታት በኋላ ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ተርቦች ናቸው። ክንፍ የላቸውም። እህቶቻቸው ገና ካደጉበት አበባ ሳይወጡ ያጠቋቸውና በፍሬው ግድግዳ ላይ መውጫ ይቦረቡራሉ፤ አብዛኞቹ ውጩን ዓለም ሳይኖሩበት ይሞታሉ። ወንዴ አበቦቹ ብናኛቸውን የሚያበስሉት ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ ብናኙን ኪሳቸው ሞልተው ወንዶቹ በከፈቱላቸው መንገድ ይበራሉ። ሾላ ከፍታችሁ ደቃቅ ጥቁር ነፍሳት ስታዩ «ተልቷል» ብላችሁ አትጣሉት ማለቴ አይደለም፤ ያያችሁት ግን የፍሬው ብልሽት ሳይሆን የመፈጠሩ ምክንያት ነው።

አንዲት ተርብ ከወጣች በኋላ የምትኖረው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በናሚቢያ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር ባሉ የባንባ ዛፎች ላይ የተሠራና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን በዚህች ዕድሜዋ ነፋስ እየተሸከማት ብናኙን ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ አድርሳለች።

ዛፉ ተርቧን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ግብጽ ትነግረናለች። ባንባ ግብጽ ውስጥ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ይተከላል፤ የሬሳ ሣጥን ሳይቀር ከእንጨቱ ይሠራ ነበር። ብናኝ የምታመጣው ተርብ ግን እዚያ የለችም፤ ፍሬው ዘር አይሰጥም። ገበሬዎቹ ዛፉን በቁራጭ ያራቡታል፤ ፍሬውንም ገና ጥሬ ሳለ በምላጭ ይጭሩታል። የቆሰለው ፍሬ ኤትሊን የሚባለውን ጋዝ ስለሚያመነጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብጦ ይበስላል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ከሰምርኔስ የመጣው የበለስ ዝርያ ፍሬው እየረገፈ አስቸግሮ ነበር። ችግሩ የተፈታው በ1899 እ.ኤ.አ. የራሱን ተርብ አስመጥተው ካላመዱለት በኋላ ነው።

ስለ ዋርካም አንድ ነገር ልበል። ወፍና የሌሊት ወፍ ፍሬውን በልተው ዘሩን በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ይጥሉታል። ቡቃያው እዚያው ይበቅልና ሥሩን ወደ ታች እየላከ መሬት ይፈልጋል። ጎንደር የፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ ከሆነ የግንቡን አጥር አቅፈው፣ በድንጋዮቹ መሃል ሰርገው የወረዱትን ሥሮች አይታችኋል። ያ የዚህ ወገን ጠባይ ነው።

ለመንገድ ማስፋፊያ አንድ አሮጌ ዋርካ ሲቆረጥ «በምትኩ ችግኝ እንተክላለን» ይባላል፤ እኔን ይህ አያጽናናኝም። በአንድ ዛፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች በአመዛኙ አብረው ይደርሳሉ፤ ዛፎቹ ግን በየራሳቸው ጊዜ ነው የሚያፈሩት። ለወፉ፣ ለጦጣውና ለጉሬዛው ሌላው ፍሬ ባለቀበት ወር እንኳ አንዱ ፊከስ የሆነ ቦታ ያፈራ ይሆናል። ከአንዱ ዛፍ የወጣችው ተርብ ደግሞ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አበባው የደረሰ ሌላ ዛፍ ካላገኘች ዘሯ ይቋረጣል። ስለዚህ ብቻውን የቀረ ዋርካ አይበቃትም፤ በአካባቢው ብዙ ትልልቅ ዛፎች መኖር አለባቸው። የአሥር ዓመት ችግኝ ደግሞ ያን ያህል ፍሬ አይሸከምም።

ጊቢ ያላችሁ ሰዎች፣ ጭብሃ በቁራጭ ይጸድቃል። ክንድ የሚያህል ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ፣ ዝናቡ ሲጀምር ትከሉት። ከቤት ግድግዳና ከውኃ ቧንቧ ግን አርቁት።